በሦስት ቤት የታወሰችው መንደር

አገሩ የት እንደነበረ አልናገርም። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ባይሄድ ይሻለዋል። ወጣትነቴን እዚያ ጨረስኩት። ትከሻዬ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ አገር ነው። የምወዳቸው ሰዎችም የዚያ አገር ናቸው።

በዚያ አገር ሰው የራሱን ነገር ራሱ ቢያስታውስ ዋጋ አልነበረውም። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደወረሰ፣ ከማን ጋር ድንበር እንደሚካለል የሚያስታውሱለት የማስታወሻ ቤቶች ነበሩ። አንድ ሰው ዳኛ ፊት ቆሞ «መሬቱ የእኔ ነው» ቢል፣ «ማን ያስታውስልሃል?» ይባላል። «እኔ አስታውሳለሁ» ካለ ችሎቱ ይስቃል።

የእኔ መንደር እንሶስላ ትባል ነበር፤ ከወንዝ ዳር። አንድ ክረምት በረዶ ሰብሉን ጨፈጨፈው፤ በሚቀጥለው ክረምት ወንዙ የተረፈውን ወሰደ። ሽማግሌዎቹ ከከተማው አጥር ውጭ ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ። «ወንዙ ወደ ቦታው ሲመለስ እኛም እንመለሳለን» ይሉ ነበር። የእኔ ጢም ገና ማቆጥቆጡ ነበር። በማስታወሻ ቤቶች ግቢ ሸክም ለሚችል ሰው ምሳ ይሰጣል ሲባል ሰማሁና ሄድኩ። እራት እንደማይሰጥ የነገረኝ አልነበረም።

ተሸካሚ ሆንኩ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እቃ እወስዳለሁ፣ እመልሳለሁ። እያንዳንዱን ቤት ያወቅሁት በትከሻዬ ነው።

ከበሩ ስትገባ መጀመሪያ የምታገኘው የአሸዋ ቤት ነበር። ጠባቂው አለቃ ዘውገ ሰፊ የአሸዋ ገበታ ከፊቱ አድርጎ ይቀመጣል። የነገሩትን ሁሉ በጣቱ አሸዋው ላይ ይጽፋል። ከእሱ የሚፈጥን አልነበረም፤ ጥያቄህን ሳትጨርስ መልሱን ይነግርሃል። የሌሎቹ ቤቶች ሥራ ሁሉ በእሱ ገበታ ላይ ያልፋል። ነገር ግን ከራስጌው አንድ ፋኖስ ነበረች። ፋኖሷ ከጠፋች እጁ ተነሥቶ አሸዋውን ጥርግ ያደርገዋል። ለምን እንደሚጠርግ ራሱም አያውቅም። ከዚያ ቀና ብሎ ያይህና፣ «እንግዳ ነህ? ግባ፣ ግባ» ይልሃል። ስሜን ስንት ጊዜ እንደነገርኩት አላውቅም። በእያንዳንዱ ጊዜ ግን ስላወቀኝ ደስ ይለው ነበር።

ቀጥሎ የዟሪ ድንጋይ ቤት። ወንዝ የሚያዞራቸው እንደ ምጣድ ክብ፣ እንደ ውሃ ለስላሳ የሆኑ ድንጋዮች ነበሩበት። ጋሽ ቢሻው ረጅም መቃ ይዞ ከላያቸው ይቀመጣል። የመቃው ጫፍ ድንጋዩን አይነካም፤ በፀጉር ስፋት ከፍ ብሎ ይንሳፈፍና ከሥሩ የሚያልፈውን ያነብባል። ብዙ ነገር ይይዛል፣ የምትፈልገው ቦታ ዞሮ እስኪመጣ ትንሽ ትጠብቃለህ እንጂ። ድንጋዩን መቃው የነካው ዕለት ግን የተጻፈው ይፋቃል። በዚህ ምክንያት ጋሽ ቢሻው ዕድሜውን በሙሉ እንቁላል ላይ እንደሚረግጥ ሰው ነበር የሚሄደው። ሲያስነጥሰው ከቤት ወጥቶ እስከ አጥሩ ይሮጣል። ሠርግ ቤት ከተጠራም እስክስታ የሚመታ ሰው አጠገብ አይቀመጥም።

የመስተዋት ቤትም ነበር። ክብ መስተዋት ላይ በመርፌ ጫፍ ይወጋና፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ይነበባል። አንዴ የተወጋ አይታረምም። የተጫረ ደግሞ አይነበብም። እኔ ስደርስ ጠባቂው ትቶት ሄዶ ነበር፤ ገበሬዎቹ መስተዋቶቹን ወስደው ወፍ እንዲያባርሩላቸው ማሽላ ውስጥ ሰቅለዋቸው ነበር። በነፋስ ሲዞሩ ያምራሉ። የቀድሞ ነገሥታት አዋጅ እንደሆኑ ወፎቹ አያውቁም።

የጠጠር ቤት የትሁን ነበር። ቤት መባሉ ለወጉ ነው፤ አንድ ሣጥንና አንዲት ቀጭን፣ አፈኛ ሴት ማለት ነው። በጠጠር ቤት ምንም ነገር አይዞርም፣ አይተረተርም። ጥፍር የምታክል ጠጠር በአውራ ጣት ጫን ስትላት የነገሯትን መልሳ ትነግርሃለች። ወድቃ አትሰበርም፣ ፋኖስ ቢጠፋ ግድ የላትም። ግን ይሰለቻታል። እየፋቁ ደጋግመው የጻፉባት ጠጠር አንድ ቀን ዝም ትላለች። ለብዙ ዘመን ሳትነካ ከቆየችም ቀስ እያለች ትረሳለች። ደግሞም ትጠፋለች። የአንድ ባላባት ውርስ ከነሱሪው ወንዝ ወርዶ ታጥቦ ቀርቷል ይባላል። ትሁን ዋና ዋናዎቹን ሹሩባዋ ውስጥ ሸጉጣ ትይዛቸው ነበር።

የገመድ ቤት ምድር ቤት ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ጨለማ። በሰው ቁመት እንዝርቶች ላይ የተጠቀለለ ገመድ፣ በገመዱ ላይ ቋጠሮ፣ በቋጠሮው ውስጥ የአገሩ ሁሉ ነገር። በግቢው ያሉት የሌሎቹ ቤቶች ይዘት ቢደመር ከዚያ ምድር ቤት አይበልጥም ነበር። ገመዱን በብርድና በጨለማ ከተውከው የልጅ ልጅህ መጥቶ ያገኘዋል። ችግሩ አንድ ነው፤ ከጫፉ ያለውን ለመስማት ከራሱ ጀምሮ መተርተር አለብህ። መሀሉን ቆርጠህ መግባት የለም። ጠባቂዋ እትዬ ደጅይጥኑ ነበረች። ሰው በቸኮለ ቁጥር እሷ ትረጋጋለች። የእኔን ትከሻ የላጠው የእሷ ገመድ ነው፤ ቅቤ የቀባችኝም እሷ ናት። እራቴን ከራሷ ምሳ ቀንሳ የምታስቀምጥልኝ እሷ መሆኗን ለረጅም ጊዜ አላወቅሁም ነበር። እንዝርቱ ሥር አስቀምጣ «አይጥ እንዳይበላው ብላው» ትለኛለች።

ስድስተኛው የጉም ቤት ነው። ከተራራው ማዶ ነው፤ ከእኛ ማንም አላየውም። ሯጭ ትልካለህ፣ የፈለግኸውን ይዞልህ ይመጣል። በሩ ሰፊ ነው፣ አይሞላም፣ ከየትም ሆነህ ትጠይቀዋለህ ይባል ነበር። ትሁን ግን፣ «ምን ጉም አለ? ያው የሰው አገር ድንጋይና የሰው አገር ጠጠር ነው» ትል ነበር። የተራራው በር ክፍት ከሆነ እውነትም ድንቅ ነው። በሩን የሚዘጋው ደግሞ ቤተ መንግሥት ነው። ተማሪዎች ፈተና ላይ ሲቀመጡ ይዘጋል። ሐሜት ሲበዛ ይዘጋል። ለምን እንደተዘጋ የጠየቀ ሰው ሲኖርም ይዘጋል።

ጠባቂዎቹ ሲናከሱ ይውሉ ነበር።

«አንቺ ጠጠር፣ ዛሬስ ሹሩባሽን ታጠብሽው እንዴ? የማንን መሬት ነው ያጠብሽው?» ይላል ጋሽ ቢሻው።

«ኧረ ቀስ ይበሉ ጋሽዬ፣ ሲስቁ ድንጋይዎ ይጫራል» ትላለች ትሁን።

«እናንተ ተከራከሩ» ትላለች እትዬ ደጅይጥኑ ከምድር ቤት። «ሁለታችሁም ስትረሱ ወደ እኔ ነው የምትመጡት።»

«እንመጣለን እትዬ፤ እስኪደርሰን ግን እናረጃለን» ትላለች ትሁን።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። አንድ ሕግ ግን ጨዋታ አልነበረም፤ አንድ ነገር በሁለት ቤት አይቀመጥም። አንዱን ነገር ሁለት ቤት ካስቀመጥከው፣ አንደኛውን ቤት አላመንከውም ማለት ነው። ቤቶቹን የሾመው ንጉሥ ነው። ስለዚህ ንጉሡን አላመንከውም። ቅጣቱ ከአጥር ውጭ መጣል ነበር፤ የተጣለውንም ሰው የሚያስታውስ ቤት አይኖርም። ነገር ከቤት ወደ ቤት ሲዛወርም እየተነበበ እዚያው ይፈታል፣ ይፋቃል። ሰዉ ይህን ሕግ ይወደው ነበር። «መተማመን ነው» ይሉ ነበር።

ከዚያ ሊቀ ፍጥነት ተሾመ።

ስሙ ጥጋቡ ይባላል። ሹመቱ አዲስ ነበር፤ ከእሱ በፊት በዚያ አገር ፍጥነት ሹም አልነበረውም። በሹመቱ ደንብ ሊቀ ፍጥነት ምንም ነገር አይጠብቅም። የጠበቀ ዕለት ሹመቱ ይፈርሳል። ሰውየው ደንቡን በእውነት ይኖርበት ነበር። ወጥ ሳይበስል ይበላል፣ ልብስ ሳይደርቅ ይለብሳል፣ ሰላምታ ሲሰጥ «ደኅና ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ያልፋል። ክፉ ሰው አልነበረም። ክፋት ጊዜ ይፈልጋል።

ግቢያችን ደርሶ ምድር ቤቱን አየና «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ገመድ ነው ጌታዬ» አለች እትዬ ደጅይጥኑ።

«አንድ ነገር ለማግኘት ምን ያህል ይፈጃል?»

«እንደ ነገሩ ነው። ይቀመጡና ልተርት—»

እሱ ወጥቶ ነበር። አዋጁ እሱ ከግቢው ሳይወጣ ተነገረ። የገመድ ቤት ይዘጋል፣ ያለው ሁሉ ወደ ጉም ቤት ይዛወራል።

ሥራው ተጀመረ። እኔ እንዝርቱን አወጣለሁ። እትዬ ደጅይጥኑ ቋጠሮውን ታነብባለች፣ እያነበበችም ትፈታለች። አለቃ ዘውገ አሸዋው ላይ ይጽፋል። ትሁን ከአሸዋው ወደ ጠጠር ትወስዳለች። ሯጩ ጠጠሩን ይዞ ተራራውን ይወጣል። መንደር በመንደር፣ አውራጃ በአውራጃ። የተፈታው ገመድ እንደ ተራ ገመድ ግቢው ውስጥ ይከመራል። ሰዎች እየመጡ ለጥጃ ማሰሪያ ይወስዱት ጀመር።

ድርማግ የሚባል የሸማኔዎች መንደር ተራ ሲደርስ ነፋስ መጣ። ሌላ ምንም አልነበረም፤ አንድ ነፋስ። በሩ ተበረገደ፣ ፋኖሷ ጠፋች። ትሁን «አለቃ!» ብላ ጮኸች። የአለቃ ዘውገ እጅ ግን ተነሥቶ ነበር።

ጥርግ።

ቀና ብሎ አየን። «እንግዶች ናችሁ?» አለ። «ግቡ፣ ግቡ።»

ቋጠሮው ተፈትቷል። ጠጠሩ ገና አልተጻፈበትም። ድርማግ የትም አልነበረም።

ሊቀ ፍጥነት ሲነገረው ለማሰብ አልቆመም። «እንግዲያው አልነበረም» አለ።

«ማን ጌታዬ?»

«መንደሩ።»

በማግስቱ የድርማግ ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው፣ ነጠላውን መስቀለኛ ያጣፋ ረጅም ሰው፣ «ጌታዬ፣ እኔ ድርማግ ተወልጄ ድርማግ ነው የሸበትኩት» አለ።

«ድርማግ የሚባል መንደር የለም።»

«እኔስ?»

«አንተ ስህተት ነህ» አለና አለፈ።

ሽማግሌው ቆሞ ቀረ። አልተናደደም። እጁን አገላብጦ ሲያየው ነበር። የመንደሩ መሬት «ባለቤት አልባ» ተባለና የሹማምንት መናፈሻ ሆነ። ዛፎቹን ነቅለው ሌላ ዛፍ ተከሉበት።

መናፈሻው ስላማረ ሌላም ተፈለገ። ሊቀ ፍጥነት ሰው የሌለባቸው መሬቶች ሁሉ ችሎት ቀርበው እንዲታወሱ አዘዘ፤ ያልታወሰ ይወሰዳል። የመጀመሪያው ወንዝ ዳር ያለው ነበር። እንሶስላ።

የእንሶስላ ገመድ ገና አልተፈታም ነበር፤ ተራው የሚቀጥለው ሳምንት ነው። አጥር ውጭ ያሉት ሽማግሌዎቻችን ሰምተው መጡ። የመጡት ሊለምኑኝ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለሁት የመንደሩ ሰው እኔ ብቻ ነኝና። ምን እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ወደ ምድር ቤት ወርጄ እትዬ ደጅይጥኑ ፊት ቆምኩ። ማልቀስ አልችልበትም ነበር።

«ስለ እንሶስላ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ነፋስ እንዳይመጣ ልጸልይልህ?»

«ቋጠሮውን አይፍቱት።»

«ካልፈታሁት የፈታሁ አስመስዬ መዋሸቴ ነው። ከፈታሁት ደግሞ ነፋስ አለ።» እንዝርቱን መታ መታ አደረገችው። «ሂድና እነዚያን ሁለት ተናካሾች ጥራልኝ።»

ጋሽ ቢሻውና ትሁን ወረዱ። እትዬ ደጅይጥኑ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻቸው። እሷ ታነብባለች፣ እነሱ ይጽፋሉ፣ ገመዱም አይፈታም። በሦስት ቤት ይቀመጣል።

ጋሽ ቢሻው ፊቱ አመድ መሰለ። «በሁለት ቤት ለተገኘ አጥር ውጭ ነው። በሦስት ቤት ለተገኘ ቅጣቱም አልተጻፈም!»

«ካልተጻፈማ ምን አስፈራዎት ጋሽዬ?» አለች ትሁን።

«አንቺ ቤትሽ ሹሩባሽ ነው፣ አጥር ውጭም ይዘሽው ትወጪያለሽ። እኔ ድንጋዩን ተሸክሜ ልወጣ ነው?»

«መንክር ይሸከምልዎታል።» ወደ እኔ ዞረች። «ትሸከማለህ አይደል?»

«እሸከማለሁ» አልኩ።

ሳቀች። ያን ጊዜ ነው መሰለኝ። ግን ስለሱ አልናገርም።

ጋሽ ቢሻው እስከ መወጣጫው ሄዶ ተመለሰ። በመጨረሻ፣ «እኔ ብቻዬን በቂ አይደለሁም ማለታችሁ ነው» አለ። ያስከፋው ይህ ነበር።

«ማናችንም በቂ አይደለንም ቢሻው» አለች እትዬ ደጅይጥኑ። «አንተ ትጫራለህ፣ እሷ ትሰለቻለች፣ እኔ እዘገያለሁ። የተፈጠርነው እንዲህ ነው።»

በዚያው ቀን አነበበች። ሌላ ሰው እንዳይሰማ በአሸዋ ቤት ሳይሆን እዚያው ምድር ቤት ውስጥ፣ ቀስ ብላ፣ ቋጠሮውን በጣቷ እየዳሰሰች። ጋሽ ቢሻው ሰምቶ ይወጣል፣ ድንጋዩ ላይ ይጽፋል፣ ይመለሳል። ትሁን አዲስ ጠጠር አልነበራትም፤ አዲሶቹ ሁሉ ቤተ መንግሥት ገብተዋል። ብዙ ጊዜ የተጻፈባትን አንዲት አሮጌ ጠጠር ፈልጋ አወጣች። የተራራው በር ለፈተና ተዘግቶ ስለነበር፣ ለሊቀ ፍጥነት «እንሶስላ ወደ ዟሪ ድንጋይ ቤት ተዛውራለች» ተብሎ ተነገረው። «ጥሩ» አለ። «ገመዱስ ተፈታ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም።

ችሎቱ በግቢው ውስጥ፣ በዟሪ ድንጋይ ቤት ደጃፍ ተቀመጠ። ዳኛው ጓንጉል የሚባል ወፍራም፣ ዓይኑን ከድኖ የሚያዳምጥ ሽማግሌ ነበር። ተኝቷል ብለህ ስትዋሽ ዓይኑን ይገልጣል። የእንሶስላ ሰዎች ከአጥር ውጭ ተጠርተው በአንድ በኩል ቆሙ። በሌላ በኩል የመናፈሻ ዛፍ ችግኝ የያዙ ሰዎች ተዘጋጅተው ቆመዋል።

«እንሶስላን የሚያስታውስ ቤት የቱ ነው?» አለ ዳኛው።

«የዟሪ ድንጋይ ቤት ነው ጌታዬ» አለ ጋሽ ቢሻው። መቃውን አነሣ። ወንዙ ድንጋዩን አዞረው።

ማንበብ ጀመረ። እንሶስላን ያቀናው ማን እንደሆነ፣ ከወንዙ እስከ ሾላው ድረስ ያለው የማን እንደሆነ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች በምን ተጣልተው በምን እንደታረቁ። ሽማግሌዎቻችን አንገታቸውን ይነቀንቁ ነበር። አያቶቻቸውን በሌላ ሰው አፍ ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነው።

ሊቀ ፍጥነት መቆም አቃተው። እግሩን አነሣ፣ ጣለ። ከዚያ ንባቡን በዝግታ ምት ለሚያጅበው የችሎት ከበሮ መቺ «አፍጥነው!» አለው።

ከበሮ መቺው የታዘዘውን አደረገ።

ምድር ተንቀጠቀጠ። መቃው ወረደ። ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ቢሻው እጁን ሲያነሣ ድንጋዩ ላይ ነጭ ጭረት ዞሮ ነበር።

«ቀጥል» አለ ዳኛው።

«አልችልም ጌታዬ። ከዚህ ወዲያ ያለው ተፋቀ።»

«እንግዲያው ግማሽ መንደር ናት» አለ ሊቀ ፍጥነት። «ግማሽ መንደር የለም። ችግኙን አምጡ።»

ያን ጊዜ ትሁንን አየኋት። እጇ ሹሩባዋ ውስጥ ነበር። ከተናገረች ጠፋች፤ ዝም ካለች እኛ ጠፋን። ወደ እኔ አልተመለከተችም።

«ጌታዬ ዳኛ» አለች፣ «ድንጋዩ ካቆመበት እኔ እቀጥላለሁ።»

ሊቀ ፍጥነት ጣቱን ቀሰረ። «ሁለት ቤት! ሰማችሁ? አንድ ነገር በሁለት ቤት!»

ዳኛው ዓይኑን ገለጠ። «ልጄ፣ እውነት ነው?»

«በፍጹም ጌታዬ። ድንጋዩ የያዘው እስከ ወንድማማቾቹ እርቅ ነው። እኔ ያለኝ ከእርቁ ወዲህ ነው። ድንጋዩ ላይ ያለ እኔ ዘንድ የለም፤ እኔ ዘንድ ያለው ድንጋዩ ላይ የለም። ካላመኑኝ ድንጋዩን ይጠይቁት።»

ድንጋዩን ሊጠይቀው አይችልም፤ ተፋቋል። የዳኛው ጢም ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። «ቀጥዪ» አለ።

ጠጠሯን ጫን አለች። ጠጠሯ በቀጭን ድምፅ ተናገረች፤ ውኃ መውረጃውን፣ የግጦሹን ተራ፣ የማን ሴት ልጅ ለማን እንደተዳረችና ጥሎሿ ምን እንደነበር። መልካም ሄደ። ከዚያ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ሰፈሮቹ ድንበር ስትደርስ፣ ድምፁ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። ትሁን ጫን አለቻት። ደግማ ጫን አለቻት።

«ምን ሆነች?» አለ ዳኛው።

«ሰለቻት ጌታዬ። አሮጌ ናት።»

አንዱ ሽማግሌያችን መሬት ላይ ተቀመጠ።

ከምድር ቤቱ መወጣጫ በኩል የእንዝርት ሲጢጥታ ተሰማ። እትዬ ደጅይጥኑ ከጠዋት ጀምራ ስትተረትር ኖሯል። እንዝርቱን እየገፋች ወጣች፤ ሮጬ አገዝኳት። ላብ አጥምቋታል። ቋጠሮውን በእጇ ይዛ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ጠጠሯ ካቆመችበት ቃል ጀመረች። ድንበሩን፣ ድልድዩን፣ መቃብሩን። እስከ መጨረሻው ቋጠሮ።

«እንሶስላ ይህች ናት» ብላ ጨረሰች።

ሊቀ ፍጥነት ወደ እንዝርቱ ተንደረደረ። «ገመዱ አልተፈታም! ጭራው ካለ ራሱም አለ! ሁሉም ገመዱ ላይ አለ፣ በሦስት ቤት ነው ያስቀመጡት! ሦስቱንም አጥር ውጭ!»

እውነቱን ነበር። ሁላችንም አውቀናል። ዳኛውም ያወቀ መሰለኝ። ቀስ ብሎ ካባውን አስተካከለ።

«ክሱ ከባድ ነው፣ መመርመር አለበት» አለ። «ገመድ እንዴት እንደሚመረመር ሕጉ ይናገራል። ከጭራው አይጀመርም። መጀመሪያ ተመልሶ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ከራሱ ተጀምሮ ቋጠሮ በቋጠሮ ይተረተራል። እትዬ፣ ምን ያህል ይፈጃል?»

«እንደ ነገሩ ነው ጌታዬ» አለች። «እኔ እንደሚያዩኝ አርጅቻለሁ። እጄም ደክሟል።»

«እናም» አለ ዳኛው፣ «ከሳሽ ምርመራው እስኪያልቅ በራሱ እግር ቆሞ ይጠብቃል። ወኪል አይቆምለትም። ጌታ ሊቀ ፍጥነት፣ ይጠብቃሉ?»

ማንም አልሳቀም። ሰዉ ሁሉ ደንቡን ያውቃል። ሊቀ ፍጥነት እንዝርቱን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድን ነገር ከራስ እስከ ጭራ አየ። ትንሽ አሳዘነኝ። ከዚያ ዞሮ ሄደ። በፍጥነት ነው የሄደው፤ የሹመቱን ክብር እስከ በሩ ድረስ ጠብቋል። ችግኝ የያዙት ሰዎችም ተከተሉት።

«ከሳሽ የለም» አለ ዳኛው። «እንሶስላ ታውሳለች። መሬቷ የልጆቿ ነው። ሆኖም የታወሰችው በሦስት ቤት ተከፍላ ነው፤ የመጀመሪያው በቢሻው፣ መካከሉ በትሁን፣ መጨረሻው በገመዱ። ስለዚህ በየዓመቱ ሦስቱ ቀርበው፣ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይናገር። እኔም ቀርቤ እሰማለሁ። የገመድ ቤትም አይዘጋ፤ ሲሶ መንደር አለበት።»

ለድርማግ ምንም አልተደረገም። ይህንንም መናገር አለብኝ። ረጅሙ ሸማኔ ግን እንሶስላ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ሸማውን ይሠራል። «ስህተት» እያልን ስንጠራው ይስቃል። ገመዱ ላይ ያስገቡት ስንላት እትዬ ደጅይጥኑ ቦታ አገኘችለት።

ውሃው ጎደለ፣ ተመለስን። በተመለስን በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ በድንበር ተጣሉ። ድንጋዩ የተናገረው ሾላ ወድቆ ኖሯል። ትሁን ከእኔ ጋር መጣች። ጠጠሮቿንም ይዛ መጣች። ከዚህ በላይ አልናገርም።

በየዓመቱ፣ መኸር ሲገባ፣ ሦስቱ ተቀምጠው መንደሩን ይናገራሉ። ዳኛው በበቅሎ ይመጣል፣ ምሳው ይቀርብለታል፣ ዓይኑን ከድኖ ይሰማል። ጋሽ ቢሻው ድንጋዩ ከተጫረበት ወዲህ ክፍሉን በቃሉ ነበር የሚለው። አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ታናሽየውን ወንድም ታላቅ ያደርገዋል። የታናሽየው ዘሮች ደስ ይላቸዋል፣ የታላቅየው ያጉረመርማሉ። ማንም አያርመውም።

ጋሽ ቢሻው የሞተበት ዓመት መኸር ገባ። ዳኛው መጣ፣ ምሳው ቀረበ። ሁላችንም ተቀመጥን። ተራው የጋሽ ቢሻው ነው። ቦታው ባዶ ነበር። ትሁን አቀርቅራ መሬት ትጭራለች። ዳኛው ዓይኑን እንደከደነ ነው።

እትዬ ደጅይጥኑ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ የጋሽ ቢሻውን ክፍል ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ፣ ቀስ ብላ፣ አንድም ሳታጎድል ተናገረች። ወንድማማቾቹ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች። ገመዱ ትክክሉን እንደሚያውቅ አውቃለሁ። እሷ ግን ታናሹን ታላቅ አድርጋ አለፈች።

ዳኛው ዓይኑን ገለጠ። እሷን አየ፣ ባዶውን ቦታ አየ።

«ዛሬ ጆሮዬን አሞኛል» አለ። «አንድም ነገር አልሰማሁም። ወጡን እስቲ አቅርቡልኝ።»